ትልቅ ሞተር ከመግዛትዎ በፊት፦ በሽቦ ለሚበር የአክሮባት ሞዴል አውሮፕላን ሞተር መምረጥና ማስተካከል

ጥያቄ፦ የምኖረው በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። በሽቦ ታስሮ በአብራሪው ዙሪያ የሚበር የአክሮባት ሞዴል አውሮፕላን በሁለተኛ እጅ ገዛሁ። ክብደቱ 1.3 ኪሎ ግራም ነው፤ ኦ.ኤስ. ኤልኤ 46 ሞተር ከነካርቡራቶሩ፣ 11 በ6 ፕሮፔለርና ተራ የቆርቆሮ ታንክ አለው። ቀና ብሎ ሲበር አንዱን ዙር በ5.5 ሰከንድ ይጨርሳል። ሦስት ሉፕ (ሽቅብ ወጥቶ ተገልብጦ የሚመለስበት ክብ) በተከታታይ ሳሠራው ግን ሞተሩ እየጮኸ ይሄድና የዙሩ ሰዓት ወደ 4.6 ሰከንድ ይወርዳል፤ ክንዴን ይነቅለኛል። ገልብጬ ሳበረው ደግሞ ድምፁ ይቀጥንና ይጠፋል። አገሩ ከፍታ ስለሆነ ጉልበት አንሶት ይሆን? የ60 ሞተር ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። የነገሩኝ ምልክት ሁሉ የጉልበት ማነስ ምልክት አይደለም። ሉፕ ላይ ክንድ የሚነቅል ሞተር ጉልበት የተረፈው ሞተር ነው፤ የጎደለው ጉልበቱን በልክ መስጠት ነው። አሁን 60 ቢገጥሙበት (ቁጥሩ የሞተሩ ይዘት ነው፣ በመቶኛ ኩቢክ ኢንች) ያው ችግር በአንድ ሦስተኛ ያህል አድጎ ይጠብቅዎታል፤ ከዚያም ላይ አፍንጫው ከብዶ መታጠፍ ይሳነዋል።

ለአክሮባት አውሮፕላን ሞተር የምንሰጠው ሥራ አንድ ነው። አውሮፕላኑ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ሲገለበጥ፣ ነፋስ ከኋላ ሲገፋው፣ ፍጥነቱን ሳያዛንፍ መያዝ አለበት። የሬዲዮ አውሮፕላን አብራሪ ፍጥነት ሲበዛበት በጣቱ ይቀንሳል። እኛ አንችልም። በእጃችን ያለው እጀታ የሚያዘው የከፍታ መሪውንና ፍላፑን (የክንፉን ተንቀሳቃሽ ጠርዝ) ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ራሱ ሞተሩ፣ ከፕሮፔለሩ፣ ከታንኩ፣ ከነዳጁና ከአየር ማስገቢያው ጋር ተጋግዞ ነው። «የትኛው ሞተር ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ «ከየትኛው ፕሮፔለርና ከየትኛው ታንክ ጋር?» ብዬ የምመልስለትም ለዚህ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ይዩት። ከእጀታው እስከ አውሮፕላኑ መሃል 20 ሜትር ነው ብለን እናስላ። አንድ ዙር በ5.3 ሰከንድ ሲጨርስ በሰከንድ 23.7 ሜትር ይጓዛል፤ የእርስዎ አውሮፕላን በዚህ ፍጥነት ሽቦውን በ3.7 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ይስባል። ደስ የሚል ውጥረት ነው። በ4.6 ሰከንድ ሲዞር ግን ኃይሉ ወደ 5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በዚያ ላይ ፍጥነቱ ስለተለወጠ ያው የእጅ እንቅስቃሴ ሌላ ዓይነት ቅርጽ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ሉፕና ሦስተኛው ሉፕ ሊገጣጠሙ አይችሉም።

ሞተሮቹን በጸባያቸው በሁለት ወገን ከፍሎ ማየት ይረዳል። የመጀመሪያው ወገን አሮጌው ነው። በአርካንሳው ፎርት ስሚዝ ይሠራ የነበረው ፎክስ 35 እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ወጥቶ ለአሥርተ ዓመታት የዚህ ስፖርት ዋና ሞተር ሆኖ ቆይቷል፤ የጆርጅ አልድሪች «ኖብለር» አውሮፕላንም ስሟ ከእርሱ ጋር ነው የሚነሣው። ይህ ሞተር ነዳጅ በዛ አድርገው ሲያስተካክሉት ባለ ሁለት ምት ሆኖ ሳለ እንደ ባለ አራት ምት ይሠራል፤ ማለትም በየሽክርክሪቱ መተኮስ ሲገባው አንዱን እየዘለለ ይተኩሳል። ድምፁ ወፈር ያለ፣ የሚያጉረመርም ነው። አፍንጫው ወደ ላይ ሲቀና ጭነት ይጨምርበታል፣ ይሞቃል፣ ድንገት በየሽክርክሪቱ መተኮስ ይጀምራል፤ ጉልበት ይጨምራል። ቀና ብሎ ሲመለስ ደግሞ ወደ ማጉረምረሙ ይመለሳል። ሜዳ ዳር ቆሞ ይህን ለውጥ መስማት ደስ ይላል። አውሮፕላኑ ማዕዘኑን ሲሰብር ጉርምርምታው ይቆረጥና ጥርት ያለ ጩኸት ይሆናል፤ ከአናት በላይ አልፎ ሲወርድ ጉርምርምታው ይመለሳል። 10 በ6 ፕሮፔለርና በደቂቃ 8,500 ገደማ ሽክርክሪት ለዚህ አሠራር የተመቹ ናቸው።

የእርስዎ ኤልኤ 46 ግን የሁለተኛው ወገን ነው። የነዳጅ መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ሽኑርለ በሚባለው ዘዴ የተደረደሩ ናቸው፤ የፒስተኑ አናት እንደ ፎክስ መከለያ የለውም። እንዲህ ያለውን ሞተር በትልቅ ፒች ፕሮፔለር እንደ ፎክስ ላጉረምርመው ቢሉ፣ ወደ ጩኸቱ መግባቱን ይገባል፤ መመለሱን ግን እንጃ። ጉልበቱ ሲመጣም በጣም ብዙ ሆኖ ይመጣል። የእርስዎ ሦስት ሉፖች ታሪክ ይኸው ነው። ሞተሩ አልተበላሸም፤ የሌላ ሞተር ፕሮፔለር ተሰጥቶታል።

ፒች የሚባለው ፕሮፔለሩ እንደ ቪቴ እንጨት ውስጥ እየተጠመዘዘ ቢገባ በአንድ ሽክርክሪት ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት ነው፤ 11 በ6 ሲባል 11 የፕሮፔለሩ ርዝመት፣ 6 ደግሞ ፒቹ ነው፣ ሁለቱም በኢንች። ፒቹ 6 ኢንች ሲሆን አውሮፕላኑ ቁልቁል ሲፈጥን ፕሮፔለሩ አብሮት ይፈጥናል፤ አይዘውም። ፒቹን ወደ 4 ኢንች አውርደው ሽክርክሪቱን ከፍ ሲያደርጉት ግን ፕሮፔለሩ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ መግፋት አይችልም። አውሮፕላኑ ልፍጠን ሲል እንደ ፍሬን ይይዘዋል፤ ሽቅብ ሲከብደው ደግሞ ሞተሩ ቀድሞውኑ በከፍተኛ ሽክርክሪት ላይ ስላለ ጉልበቱ አይጎድልም። ነፋስ ባለበት ቀን በተከታታይ ሉፖች ላይ የሚመጣውን መፍጠን የሚገድለው ይህ ነው። አነስተኞቹ የኦ.ኤስ. ሞተሮች፣ ኤፍፒ 20 እና 25፣ በ9 በ4 ፕሮፔለርና ከ11,000 በላይ በሆነ ሽክርክሪት ስንቱን ጀማሪ አብራሪ እንዳደረጉ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ለእርስዎ 46 ደግሞ 11.5 በ4 ወይም 12 በ4 ይግዙ። ዋጋው ከአዲስ ሞተር ጋር አይወዳደርም። መሬት ላይ በደቂቃ 10,000 አካባቢ እንዲሽከረከር አድርገው ያስነሡት።

ቀጥሎ ካርቡራቶሩን ያውጡት። ካርቡራቶር የተሠራው ሚኒሞ ላይም ሙሉ ጉልበት ላይም እንዲሠራ ነው፤ እኛ ሚኒሞ አንፈልግም፤ የሚንቀሳቀስ በርሜልና አየር የሚያስገባ ክፍተት ትርፍ የችግር ምንጭ ነው። በቦታው ቬንቱሪ፣ ማለትም በመሃሉ ነዳጅ የሚረጭ ዘንግ የሚያቋርጠው ቀላል የአየር ማስገቢያ ጉሮሮ ይግጠሙ። የጉሮሮው ስፋት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዘንጉ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው፣ 6.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉሮሮ ለአየር ክፍት የሚተወው ቦታ 7.8 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ጉሮሮውን ወደ 7 ሚሊ ሜትር ሲያሰፉት ክፍቱ ቦታ 10.5 ይሆናል። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ማስፋት አንድ ሦስተኛ ያህል አየር ይጨምራል ማለት ነው። ስለዚህ በመሰርሰሪያ «ትንሽ» ላስፋው ብለው አይነሡ። 6.6፣ 6.8 እና 7 የሆኑ ሦስት ቬንቱሪዎች ይያዙና በየተራ ይሞክሩ። ጉሮሮው ሲሰፋ ጉልበት ይጨምራል፤ ነዳጁን ከታንኩ የሚስበው መምጠጥ ግን ይደክማል፤ በጣም ከሰፋ ሞተሩ በማዕዘን ላይ ይንተፋተፋል።

የከፍታውን ነገር ያነሡት በትክክል ነው፤ ውጤቱ ግን እንዳሰቡት አይደለም። ኦሮራ ከባሕር ወለል 1,650 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በሞቃት የበጋ ቀን በዚያ ያለው አየር የባሕር ዳርቻ አየር አራት አምስተኛ ያህል ነው የሚከብደው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚወስደው ነዳጅ ካልተቀነሰለት ይበዛበታል። የአዲስ አበባ መካኒክ ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ ከወደብ የወጣ ባለ ካርቡራቶር መኪና ደጋ ሲደርስ ለምን ጥቁር ጭስ እንደሚተፋ በእጁ ያውቀዋል። ለእርስዎ ሞተር ትርጉሙ ይህ ነው፦ በዝቅተኛ ቦታ 6.6 ይበቃ የነበረው ቬንቱሪ እርስዎ ዘንድ 6.8 ወይም 7 ሊፈልግ ይችላል፤ ነዳጁም ከ10 በመቶ ናይትሮሜቴን ወደ 15 በመቶ ቢያድግ የጠፋውን ጉልበት በከፊል ይመልሳል። ክንፉም በሳሳው አየር ያነሰ ያነሣልና፣ የዙሩን ሰዓት ከ5.5 ወደ 5.2 አካባቢ ያምጡት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ክብደት አይጨምሩ። ከባድ ሞተር እንዳይገዙ የከለከልኩበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው፤ በባሕር ዳርቻ የሚታገሡት 150 ግራም በኦሮራ ማዕዘኑን ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ታንኩ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም «ሞተሩ ተበላሸ» ተብሎ ከሚመጣልኝ አብዛኛው ታንክ ሆኖ ነው የሚገኘው።

በበረራ ላይ ነዳጁ ታንክ ውስጥ እንደ ሻይ በብርጭቆ ተኝቶ አይቀመጥም። ቀደም ባልነው ፍጥነት ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል የመሬት ስበትን ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ ነዳጁ በውጭኛው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቆማል። የነዳጅ መምጠጫው ቱቦ በዚያ በኩል ባለው ጥግ፣ ከኋላ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በተራ ታንክ ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ ገጹ ከሞተሩ መርጫ ወደ ውጭ እየራቀ ይሄዳል። የታንኩ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በሦስት እጥፍ ስበት 150 ሚሊ ሜትር ከፍታ እንደ መሳብ ይቆጠራል። ሞተሩ ሲነሣ ጠግቦ፣ ሲጨርስ ተርቦ የሚበረው በዚህ ነው።

መፍትሔው ዩኒፍሎው የሚባለው አሠራር ነው። አየር የሚያስገባው ቱቦ ጫፉ ታንኩ ውስጥ ገብቶ ከመምጠጫው ጫፍ አጠገብ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ብቻ ርቆ እንዲያልቅ ይደረጋል። አየሩ የሚገባው በነዳጁ ውስጥ አረፋ እየሠራ ስለሆነ፣ ሞተሩ የሚሰማው የነዳጁን ገጽ ርቀት ሳይሆን የዚያን ቱቦ ጫፍ ርቀት ነው፤ እርሱ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ድምፅ ያገኛሉ። ይህንኑ የአየር ቱቦ ከማርሚታው ላይ ካለው አፍንጫ ጋር በጎማ ያገናኙት፤ መጠነኛ ግፊት ስለሚያገኝ ሥራው ይበልጥ ይረጋል። የታንኩን ሌላ ቀዳዳ ሁሉ ከሞሉ በኋላ መድፈን እንዳይረሱ፤ አለበለዚያ ግፊቱም ዩኒፍሎውም የሉም።

ተገልብጦ መጥፋቱ ደግሞ የታንኩ ቁመት ነው። ታንኩ ከነዳጅ መርጫው ከፍ ብሎ ከተገጠመ፣ ቀና ሲል ነዳጁ በራሱ ክብደት እየወረደ ይበዛል፤ ሲገለበጥ ታንኩ ከታች ይሆንና ያንስበታል። ድምፁ የሚቀጥነው ሲራብ ነው። ለማረጋገጥ ቀና ብሎ አምስት ዙር፣ ተገልብጦ አምስት ዙር አብርረው ሰዓቱን ያስይዙ። ተገልብጦ የሚፈጥን ከሆነ ታንኩን ዝቅ ያድርጉት፤ ቀና ብሎ የሚፈጥን ከሆነ ከፍ ያድርጉት። በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ አይንኩት። ሁለቱ ሰዓቶች እኩል ሲሆኑ ታንኩን አጥብቀው ያስሩት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ከታንኩ ሥር የሚያደርጉት ስፖንጅም ቢሆን ነዳጁ እንዳይንቀጠቀጥና አረፋ እንዳይሠራ ይከላከላል።

አንድ ክረምት ሙሉ የጠፋብኝን ነገር ልንገርዎት። አንድ አውሮፕላኔ ላይ ሞተሩ ሁልጊዜ በአራተኛው ደቂቃ ገደማ መንተፋተፍ ይጀምር ነበር። ካንዴላ ቀየርኩ፣ የነዳጁን መጠን የሚያስተካክለውን መርፌ ቀየርኩ፣ በመጨረሻም ሞተሩን አውጥቼ ሌላ ገጠምኩ። ሁለተኛውም በዚያው ደቂቃ ተንተፋተፈ። ያኔ ታንኩን ፈትቼ፣ ቱቦዎቹን በጣቴ ደፍኜ፣ በውሃ የተሞላ ሳህን ውስጥ ነክሬ በአንዱ ቱቦ እፍ አልኩበት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየም። ቀጥሎ መምጠጫው ግድግዳውን ከሚያልፍበት ብየዳ ጥግ፣ የመርፌ ጫፍ የማታህል አረፋ ወጣች፤ ተከትላት ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ እንደ ክር ተቀጣጥለው ወደ ላይ ወጡ። ነዳጁ ከዚያች ቀዳዳ በላይ እስካለ ድረስ ምንም አይሆንም፤ ገጹ ወደ ውጭ ሲርቅና ቀዳዳዋ ስትጋለጥ ግን ሞተሩ በነዳጅ ፈንታ አየር ይጠጣል። ይህን ፈተና በአሮጌ ታንክ ሁሉ ላይ ዛሬም አደርገዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጎማ ቱቦዎቹንም አብረው ይቀይሯቸው። በተለይ የእርስዎ ሞተር መርፌው ከኋላ ክዳኑ ላይ የሚገኝ ዓይነት ከሆነ፣ ከመርፌው ወደ መርጫው የሚሄደው አጭር ቱቦ ከሲሊንደሩ አጠገብ ስለሚያልፍ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ስለ ነዳጁ፦ መሠረቱ ሜታኖል ነው፤ ዘይቱ ከጠቅላላው 20 በመቶ ያህል ይሁን፤ ከዘይቱም ግማሹ የጉሎ ዘይት፣ ግማሹ ሰው ሠራሽ። የጉሎ ዘይት ሙቀት ሲበረታ ከብረት ላይ አይሸሽም፤ ሞተሩ ነዳጅ አንሶት በሚግልበት ቅጽበት የሚያድነው እርሱ ነው። ፎክስ 35 ያለው ሰው ግን ዘይቱን ወደ 28 በመቶ ከፍ አድርጎ ሁሉንም ጉሎ ማድረግ አለበት፤ የፒስተኑ ብረት ያለ እርሱ አይዘልቅም።

ሮዳጆውም በሁለቱ ወገኖች ይለያያል። ብረት ፒስተን በብረት ሲሊንደር ውስጥ የሚሄድበት ሞተር ልክ እንደ አዲስ ምጣድ ነው፤ ቀስ እየተባለ፣ እየሞቀ እየቀዘቀዘ፣ ብዙ ጊዜ መሟሸት ይፈልጋል። ኒኬል በተለበጠ ናስ ሲሊንደር የሚሠራው የእርስዎ ሞተር ግን ሲቀዘቅዝ አናቱ ላይ ጠባብ ሆኖ ሲሞቅ ብቻ ነው ልኩን የሚይዘው። እርሱን በብዙ ነዳጅ አቀዝቅዞ ለረጅም ጊዜ ማንጎራጎር ፒስተኑን ይበላዋል። አጫጭር ጊዜ፣ ነገር ግን በደንብ ሞቆ ይሥራ።

ሜዳ ላይ ሲወጡ አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ ይለውጡ፤ ደብተርም ይያዙ። የአየሩን ሙቀት፣ ፕሮፔለሩን፣ ቬንቱሪውን፣ የመሬት ላይ ሽክርክሪቱን፣ የዙሩን ሰዓት ይጻፉ። የመርፌው ሥራ ድብልቁን ማስተካከል ነው። በጥቂት እርምጃ ሰዓቱን ማቃናት ይችላል፤ 5.2 ሰከንድ ለማግኘት ሞተሩን እስኪያጉረመርም ድረስ ነዳጅ ማብዛት ካስፈለገዎት ግን ቬንቱሪው ሰፍቷል ማለት ነው፤ አንድ ደረጃ ወደሚጠበው ይመለሱ። ረዳትዎ ሞተሩ እየሠራ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ሰማይ ሲያቀና ድምፁ ጥቂት ጠርቶ እዚያው መቆየት አለበት። እየቀጠነ ከሄደ መርፌውን ይክፈቱለት። ታንኩን ደግሞ ሞተሩ ስድስት ደቂቃ ገደማ ሠርቶ እንዲጠፋ አድርገው በሲሪንጅ እየለኩ ይሙሉ፤ በዓለም አቀፉ የኤፍ 2 ቢ (የሽቦ አክሮባት) ውድድር የሚሰጠው ጠቅላላ ጊዜ 7 ደቂቃ ነው፤ ማረፉም በዚያ ውስጥ ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተርንም ሳልጠቅስ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ዛሬ ብዙ ተወዳዳሪዎች ወደዚያ ዞረዋል፤ ሽክርክሪቱን በኮምፒውተር እኩል የሚይዝ መቆጣጠሪያ አለውና እስካሁን የጻፍኩትን ግማሹን ራስ ምታት ያስቀራል፤ የከፍታ አየር ማነስም ሞተሩን አያደክመውም። ሁለተኛ አውሮፕላን ሲሠሩ ያስቡበት። ይህኛውን ግን የገዙት ከነሞተሩ ነው፤ ሞተሩም ጥሩ ሞተር ነው።

ከማብረርዎ በፊት በማንኛውም ቀን የማይታለፉ ነገሮች አሉ። እጀታውን ይዞ አውሮፕላኑን በክብደቱ 10 እጥፍ፣ ማለትም በእርስዎ 13 ኪሎ ግራም መጎተት፤ ሽቦው፣ ማያያዣውና የውስጡ ማዞሪያ ይህን ካልቻሉ አይበርም። የእጅ አንጓ ማሰሪያ መታሰር አለበት። የኤሌክትሪክ መስመር የሚታይበት ሜዳ ላይ ጨርሶ አይብረሩ፤ በእጅዎ የያዙት 20 ሜትር ብረት ነው፤ በዚህ ስፖርት በዚህ ምክንያት ሰው ሞቷል። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም፤ መጠጣቱም ዓይን ያጠፋልና ልጆች ከሚደርሱበት ያርቁት።

ፕሮፔለሩን ለውጠው፣ ታንኩን በውሃ ፈትነው፣ ቬንቱሪውን ገጥመው አንድ ቀን ያብርሩና ሦስት ቁጥሮች ይላኩልኝ፦ ቀና ብሎ የዞረበትን ሰዓት፣ ተገልብጦ የዞረበትን ሰዓት፣ ከሦስተኛው ሉፕ ወጥቶ የዞረበትን ሰዓት። ታንኩ የት ጋ መቀመጥ እንዳለበትና የትኛው ቬንቱሪ እንደሚስማማው ከእነርሱ ተነሥቼ እነግርዎታለሁ።